የዳማ ልጅ

በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጓሳ የሚባል ውርጫማ ደጋ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሌሊት ውርጭ ይጥልበታል፣ ጠዋት ጉም ይተኛበታል። ዛፍ ብርቅ ነው፤ በብዛት የሚታየው አስታና ጅብራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለአገሩ ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምድበታል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮም ሣሩን በሕግ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ለተወሰኑ ዓመታት ይከለከላል፣ ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል፣ ከጊዜው በፊት ማጭድ ያነሣ ይቀጣል። አራዊቱም ይህን አይተው የራሳቸውን ሕግ አወጡ።

ሕጉ የተደረገው በጭላዳና በቀይ ቀበሮ መካከል ነው። ጭላዳ ሣር በል ነው። ሲነጋ ካደረበት ገደል ወጥቶ ሜዳው ላይ ይቀመጥና ሣሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እየነጨ ይውላል፤ መንጋው ሲገጥም እስከ 700 ይደርሳል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ኑሮው በአይጥና በፍልፈል ላይ ነው። ብቻውን ሲያድን ከ4 ሙከራ 1 ይሳካለታል፤ በጭላዳ መሐል እየተራመደ ሲያድን ግን ከ3 ሙከራ 2 ይሳካለታል። ይህኛው ተረት አይደለም፤ ጓሳ ላይ ተቀምጠው የቆጠሩ ተመራማሪዎች ያረጋገጡት ነው። ስለዚህ ቀይ ቀበሮ ያለ ጭላዳ ኑሮው ይጠብበታል። ሕጉም አጭር ነበር፤ «በመሐላችን እለፍ፣ አይጥህን ያዝ፣ ጨቅሎቻችንን ግን አትንካ።» ቀይ ቀበሮም ማለ። መሐላው ስንት ትውልድ እንደተሻገረ የሚያስታውስ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ከቀበሮዎቹ ሁሉ የተከበረው ዳማ ነበር። ሁለት ቀበሮዎች በድንበር ሲጣሉ የሚዳኘው እሱ ነው፤ እናቱ የሞተችበትን ቡችላ የሚያስጠጋውም እሱ ነው። የጭላዳ እናቶች እንኳ «ዳማ ካለ ልጅ ይተኛል» ይሉ ነበር። ሚስቱ ወርቂት ትባላለች። ትልቁ ልጃቸው ጎሹ፣ ተከታይዋ ደብሪቱ፣ ከእነሱ በታች ደግሞ ገና ከጉድጓድ ብቅ ማለት የጀመሩ ትንንሾች ነበሩ።

አንድ ቀን ጠዋት ዳማ እንደ ልማዱ በመንጋው መሐል ሲያልፍ፣ እመት አስካለ ልጇን ሞገስን ከጎኗ አስቀምጣ ሣር ትነጭ ነበር። ዳማን አየችው፤ አልደነገጠችም፤ እንዲያውም መንገድ ለቀቀችለት። ዳማ ልጁን በጥርሱ አንጠልጥሎ ሮጠ።

ጩኸቱ ጓሳን አናወጠው። ወንዶቹ ጭላዳዎች ከንፈራቸውን ገልብጠው፣ ጥርሳቸውን አውጥተው ከየአቅጣጫው ተጠራሩ። ዳማ ብዙ ሳይርቅ ከበቡት። ልጁን ጥሎ በገደሉ አፋፍ አመለጠ። ሞገስ አልሞተም። ቀኝ እጁ ግን ተሰብሮ ነበር፤ ስብራቱ ሲገጥም ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። ለጭላዳ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ክረምት ላይ ሣሩን የሚነጨው በነዚያ ጣቶች ነው፤ በጋ ላይ ሣሩ ሲደርቅም ሥር ቆፍሮ የሚያወጣው በእጁ ነው።

አያ ሰስ ሽማግሌ ሆኖ ተሰየመ። ሰስ የሚኖረው ገደል ለገደል ነው፤ ከቀበሮ ጋር በአይጥ አይሻማም፣ የጭላዳም ዘመድ አይደለም፤ ስለዚህ አያዳላም ተባለ። ፍርዱ አልዘገየም። ዳማ ከገደሉ ማዶ እንዲኖር፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ወደ ሜዳው እንዳይመለስ ተፈረደበት። አልተከራከረም። ጅራቱን ቆልፎ ሄደ።

ሁለተኛውን ፍርድ ግን ማንም አልፈረደውም። ሽማግሌ አልተቀመጠበትም፣ ምስክር አልተሰማበትም፣ ይግባኝም የለውም። በማግስቱ ወርቂት ወደ ሜዳው ብቅ ስትል ጭላዳዎቹ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። ደብሪቱ ስትመጣም እንደዚያው። ብዙም ሳይቆይ ሜዳው ለቀበሮ ሁሉ ተዘጋ። ቁራ በየገደሉ እየዞረ «የእባብ ልጅ እባብ ነው» ይል ጀመር። ከቀበሮዎቹም ወገን ቀድመው የራቁት በዳማ ክብር ሲከበሩ የኖሩት ዘመዶች ናቸው። «እኔ ድሮም ዓይኑ አያምረኝም ነበር» የሚል ተገኘ፤ ትናንት በዳማ ዳኝነት ድንበሩ የተመለሰለት ነው።

እዚህ ላይ ተረቱን ገታ ላድርገው። ይህ ሁለተኛ ፍርድ በእኛ በሰዎቹ ዘንድ ስንት ቤት እንዳፈረሰ ሳስብ ዝም ብዬ ማለፍ ይከብደኛል። አባቱ የማኅበር ገንዘብ አጉድሎ የታሰረበት ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ሹክሹክታ አለ። እናቷ ሰው በድላ የተፈረደባት ልጅ ልትታጭ ስትል አጥንት የሚቆጥሩ አሉ። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባልና ነገሩ ያልቃል። የነቢዩ የሕዝቅኤል መጽሐፍ 18ኛ ምዕራፍ የተጻፈው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው፤ የወንጀል ሕጋችንም የሚቀጣው አድራጊውን እንጂ ልጁን አይደለም። መጽሐፉም ሕጉም በእጃችን እያለ ሠፈሩ የራሱን ይፈርዳል። በዳዩ እስራቱን ጨርሶ ሲወጣ እንኳ የልጁ ፍርድ አያልቅም።

ወደ ጓሳ ልመለስ።

ወርቂት ቀን መውጣት ተወች። ጎሹ ደግሞ አንድ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ቆላው ወረደ። ቀይ ጠጉሩን በአመድ አድበስብሶ ከተራ ቀበሮዎች ጋር ተቀላቀለ። «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት «ወላጆቼ ሞተዋል» ይላል። ክፉ አልነበረም፤ ሠርቶ አዳሪ ነበር፤ አዲሶቹ ጎረቤቶቹም ወደዱት። ነገር ግን ከደጋ የወረደ እንግዳ ባየ ቁጥር ይደበቃል። ሌሎቹ ማታ ማታ ሲጮኹ እሱ ዝም ይላል፤ ድምፁ ቁርጥ የአባቱ ነው፤ የሚያውቀው እንዳይሰማው ይፈራል። ከሰው ዓይን የራቀ መስሎት ከገዛ ድምፁ ጋር ተጣልቶ ቀረ።

ደብሪቱ አልሄደችም። ደፋር ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ትንንሾቹን የሚያበላ አልነበረም። ከሜዳው ዳር፣ ጭላዳ በማይደርስበት ጭንጫ ላይ ብቻዋን ታድናለች። ከአራት አንዱ ይሳካላታል፤ ለአምስት አፍ አይበቃም። የጭላዳ ልጆች ከሩቅ ሲያዩዋት «የዳማ ልጅ! የዳማ ልጅ!» እያሉ ይሸሻሉ። ቀስ በቀስ «ደብሪቱ» ብሎ የሚጠራት ጠፋ። ወገኖቿም «የዳማ ልጅ» ይሏታል፣ ቁራም እንደዚያው ይላታል፤ ስሟን ይዛ የቀረችው እናቷ ብቻ ናት።

ወርቂት ወደ ማዶ እንዳትሄድ ከለከለቻት። «አባትሽ አለሁ ቢልም ሞቷል በይው» አለቻት። ደብሪቱ ግን አንዲት አይጥ በአፏ ይዛ ገደሉን ተሻገረች።

ዳማ ከስቷል። ብቻውን የሚያድን ሽማግሌ ቀበሮ ነውና ጎድኑ ይቆጠራል። ልጁን ሲያይ ቀና ማለት አቃተው።

«ጎሹስ?» አላት።

«ሄደ።»

«እናትሽስ?»

«ቀን አትወጣም።»

ዳማ መሬት መሬቱን እያየ «ለእናንተ ብዬ እኮ ነው» አለ።

በዳይ ወላጅ ከሚናገረው ሁሉ ይህን ያህል ልጅን የሚያቆስል ቃል የለም። ጥፋቱን ከራሱ ትከሻ አውርዶ ልጁ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ልጁም ያልበላውን ዕዳ ዕድሜ ልኩን ሲቆጥር ይኖራል።

ደብሪቱ አይጧን ፊቱ አኖረችለት። «አባዬ፣ ለእኛ ብለህ አይደለም» አለችው። «የዚያን ቀን ጠዋት ሁላችንም ጠግበን ነበር። ያመጣህልንን ትንንሾቹ ሳይጨርሱት ነው የቀረው።»

ዳማ መልስ አልሰጠም። እሷም አልጨቀጨቀችውም። ገደሉን ተሻግራ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሳትሄድ የቀረችበት ሳምንት የለም።

በጋው ገባ። ሣሩ ደረቀ፤ ጭላዳዎቹ በሁለት እጃቸው መሬቱን እየማሱ ሥር ማውጣት ጀመሩ። በዚያ ዓመት ሥሩም ቀጭን ነበር። ቀበሮዎቹ ከሜዳው ከተባረሩ ወዲህ አይጡ በዝቶ፣ ከጭላዳ ቀድሞ ሥሩን ይቆረጥመው ነበር። አንዳንድ ባልቴቶች ይህን አስተውለዋል፤ ግን የሚናገር ጠፋ። ተናጋሪው የዳማ ወገን እንዳይባል ይፈራል።

ደብሪቱ ከጭንጫው ላይ ሆና ሞገስን አየችው። አድጓል። በግራ እጁ ሊቆፍር ይሞክራል፤ አፈሩ ደረቅ ነው፤ ቀኙ አያግዘውም። እመት አስካለ የራሷን ቆፍራ፣ የእሱን ቆፍራ፣ ሲመሽ ደክሟት ትወድቃለች። ደብሪቱ ወደ አያ ሰስ ሄደች።

«አያ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ» አለችው። «የአባቴን ጥፋት ይቅር በሉ ብለው አይለምኑልኝ፤ ያ የእኔ አይደለም። የሞገስን እጅ ግን ያጎደለው አባቴ ነው። ዛሬ እሱ ሊሞላው አይችልም። እኔ መቆፈር እችላለሁ።»

አያ ሰስ መልእክቱን አደረሰ። ጭላዳዎቹ ለሦስት ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ ከወንዶቹ ድምፀ ትልቁ፣ አያ ጎፈር፣ ወጥቶ ተናገረ፤ «ትምጣ። ግን አስቀድማ በአደባባይ አባቷን ትካደው። ዳማ አባቴ አይደለም ትበል። ያን ጊዜ እንቀበላታለን።»

ደብሪቱ ተጠርታ በጉባኤው ፊት ቆመች። ጓሳ ላይ ያለ ፍጥረት ሁሉ መጥቶ ነበር፤ ቁራም ለወሬው ቀድሞ ተገኝቷል። የቀበሮ ዘመዶቿ ከኋላ ቆመው «በይው! አንዲት ቃል ናት፣ በይውና እንገላገል» ይሏታል። እነሱም ወደ ሜዳው መመለስ ይፈልጋሉና። ትንንሾቹ እህት ወንድሞቿ ከእግሯ ሥር ተኮልኩለዋል፤ ርቧቸዋል።

ደብሪቱ ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አባቴ ጨቅላ ነክቷል። መሐላ አፍርሷል። አልፈለገም፣ ተሳሳተ፣ ሰይጣን አሳሳተው አልልም፤ አይቶ፣ አስቦ ያደረገው ነው። የፈረዳችሁበት ፍርድ ልክ ነው። እኔ ብፈርድም ይህንኑ እፈርድ ነበር። አባቴ አይደለም በይ ስትሉኝ ግን እንዴት ልበል? አይጥ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስታመም ሌሊቱን ሙሉ ያደረው እሱ ነው። የሞገስን እጅ የሰበረውም እሱ ነው። አንዱን ይዤ ሌላውን ብጥል ውሸታም እሆናለሁ። ትንንሾቹን ርቧቸዋል፤ ታዩአቸዋላችሁ። ቢሆንም በውሸት አላበላቸውም።»

ጉባኤው ተንጫጫ። «ዘሯ ነው!» የሚል ተሰማ። አያ ጎፈር ጥርሱን አሳይቶ «በቃ፣ ሂጂ» አላት። ደብሪቱ ትንንሾቹን ሰብስባ ወደ ጭንጫው ተመለሰች። የቀበሮ ዘመዶቿም ረገሟት። ያን ምሽት ቤታቸው ውስጥ የተበላ ነገር አልነበረም።

እመት አስካለ በጉባኤው ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ብቻዋን ወደ ሜዳው ዳር መጣችና ከሩቅ ቆማ ተጣራች፤

«አንቺ ደብሪቱ!»

ደብሪቱ ስሟ ሲጠራ ስትሰማ ሰውነቷን ነዘራት።

«እመት» አለች።

«አባትሽን አልወደውም። አትሳሳቺ፤ ይቅር አላልኩትም፣ የምለውም አይመስለኝም። ልጄ ሌሊት እየጮኸ ይነቃል።»

«አውቃለሁ እመት።»

«ነገር ግን ሳስበው ሰነበትኩ። የዚያን ቀን አባትሽን ብትክጂው ኖሮ ከዚህ አልደርስም ነበር። ለመቀመጫ ብላ አባቷን የምትሸጥ፣ ነገ ርቧት ስታድር የእኔን ልጅ አትሸጥም ብሎ ማን ዋስ ይሆነኛል? አንቺ ርቦሽም አልሸጥሽም።» ከዚያ በእጇ መሬቱን አሳየቻት። «ከዚህ ድንጋይ ወዲያ ሁነሽ ቆፍሪ። ቆፍረሽ ስትርቂ እኛ መጥተን እንበላለን። እኔ መሐል ላይ እቀመጣለሁ። ድንጋዩን አልፈሽ አንድ እርምጃ ብትመጪ በሕይወቴ አላይሽም።»

«እሺ እመት» አለች ደብሪቱ።

እንዲህ ተጀመረ። ቀበሮዋ ፍልፈል ስታሳድድ እንደምታደርገው አፈሩን በፊት እግሮቿ ትገለብጣለች፤ ከሥር የሚወጣውን ፍልፈል ለራሷና ለትንንሾቹ ትወስዳለች፤ ተገልጦ የሚቀረውን ሥር ሞገስ በግራ እጁ ይለቅመዋል። እመት አስካለ መሐል ላይ ትቀመጣለች፤ ዓይኗን አትነቅልም። በበጋው መጨረሻ ድንጋዩን ትንሽ ወደ ውስጥ ራሷ አንከባለለችው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጨመረች። ፍጥነቱ የእሷ ነበር። ደብሪቱ አንድም ቀን «እስከ መቼ?» ብላ አልጠየቀችም፤ ምክንያቱም ልጇ የተነከሰባት እናት መተማመኛዋን በራሷ ጊዜ ነው የምትመልሰው።

ሌሎቹ ጭላዳዎች መጀመሪያ አጉረመረሙ። ግን ደብሪቱ በቆፈረችበት አካባቢ አይጡ ሲቀንስና ሣሩ ሲያቆጠቁጥ ሲያዩ፣ ባልቴቶቹ ሲፈሩት የነበረውን ነገር ጮክ ብለው መናገር ጀመሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት የጭላዳ ልጅ «ደብሪቱ መጣች» አለች። እናቷም አልገሠጸቻትም።

ዳማ በዚህ መሐል አረጀ። አንድ ቀን ደብሪቱ እንደ ልማዷ ስትሄድ ከተኛበት አልተነሣም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ለአስካለ ንገሪልኝ» አላት። «ርቦኝ አልነበረም። ለእናንተም ብዬ አልነበረም። ሁሉም አምኖኝ ነበር፤ እኔ ባደርገው ማን ይናገረኛል ብዬ ነው። መንገድ ስትለቅልኝ አይቼ ነው የደፈርኩት።»

ደብሪቱ ይህን ሰምታ አለቀሰች። ብዙ ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው፤ ሲመጣ ደግሞ ከበዳት። ሳትቀንስ ሳትጨምር ለእመት አስካለ ነገረቻት። አስካለ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ሰማሁ» ብቻ ነው ያለችው። ይቅርታ አላለችም፤ እንድትልም የጠየቃት የለም።

ዳማ በዚያው ሳምንት ሞተ። ወሬው በቁራ አፍ እስከ ቆላ ደረሰ። ጎሹ ሰምቷል። ግን አልመጣም፤ ለቅሶ ከሄደ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቅበታል። አመድ በለበሰ ጠጉሩ ከባልንጀሮቹ መሐል ተቀምጦ፣ «ምነው ዛሬ ከፋህ?» ሲሉት «ብርዱ ነው» አላቸው። በዚህ ተረት ውስጥ ከማዝንላቸው ሁሉ አብልጬ የማዝንለት ለጎሹ ነው። ማንም አላባረረውም ይባል ይሆናል፤ እውነቱ ግን በቁም የተባረረ እሱ ነው።

ወርቂትና ደብሪቱ ከገደሉ ማዶ ለቅሶ ተቀመጡ። ዘመዶቻቸው ሩቅ ቆሙ። የበዳይ ለቅሶ ላይ መታየት ያስፈራልና ሁሉም ማን ቀድሞ እንደሚሄድ ይጠብቃል። ጠዋቱ ሲረፍድ እመት አስካለ ገደሉን ተሻግራ መጣች። ሞገስ አልተከተላትም፤ እሷም አላስገደደችውም።

ከደብሪቱ አጠገብ ተቀመጠች። «ለእሱ አላለቅስም» አለቻት። «ለአንቺ ግን መጥቻለሁ። አባት የሞተባት ልጅ ብቻዋን አትቀመጥም።»

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ መጡ። አያ ሰስ መጣ፣ ባልቴቶቹ መጡ፣ የቀበሮ ዘመዶችም አንገታቸውን ደፍተው መጡ። አያ ጎፈር አልመጣም።

በቀጣዩ ዓመት ደብሪቱ ወለደች። ልጆቿ ዛሬ በጭላዳዎቹ መሐል ያድናሉ፤ የሞገስ ጣቶች ግን ዛሬም አይታጠፉም። «የማን ልጆች ናችሁ?» ሲባሉ «የደብሪቱ፤ የዳማ የልጅ ልጆች» ብለው ሙሉውን ይመልሳሉ፤ አያታቸው ምን እንዳደረገም እናታቸው ነግራቸዋለች።

አንባቢዬ ሆይ፣ በሠፈርህ አባቱ ወይም እናቱ በድለው ስሙ የተነጠቀበት ልጅ ሳይኖር አይቀርም። በስሙ ጥራው። ድግስ ስትደግስ አትዝለለው፤ ለቅሶ ሲደርስበትም ማን ቀድሞ ይሄዳል ብለህ አትጠብቅ።